ከፊሉ በአዳራሽ፣ ከፊሉ በስክሪን፦ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ስብሰባ እንዴት ይመራ?

ጎረቤትን መውደድ የሚፈተነው በጸሎት ቤት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በሕንፃው ደረጃ ላይ፣ በውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ በጥበቃው ደመወዝና በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖር አማኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ፓምፑ ሲቃጠል ማን ይክፈል? ግቢው ውስጥ መኪና የሚቆመው የት ነው? ኮሚናሉ ለሰርግና ለሐዘን ሲፈለግ ቅድሚያው የማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት ነዋሪው ተሰብስቦ ሲመክር ነው።

ዛሬ ግን ነዋሪው ሁሉ በአንድ ቦታ አይገኝም። ስለዚህ በብዙ ሕንፃዎች ከፊሉ ሰው በኮሚናሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከፊሉ ደግሞ በስልክ ስክሪን ሆኖ ይሰበሰባል። ይህ ዓይነቱ ስብሰባ በደንብ ከተመራ በረከት ነው፤ በግዴለሽነት ከተመራ ግን አንዱን ወገን ባለቤት፣ ሌላውን ተመልካች ያደርጋል። በዚህ ጽሑፍ ስብሰባው ለሁሉም እኩል እንዲሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

በስክሪን በኩል ያለው ማን ነው?

በቪዲዮ የሚሰበሰበው ውጭ አገር ያለው ሰው ብቻ ነው ብለን እንዳናስብ። በአዲስ አበባ የ20/80 ሕንፃዎች በአብዛኛው ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍትም የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናት ወደ ስብሰባ ለመምጣት ያን ሁሉ ደረጃ መውረድ፣ ከዚያም መልሰው መውጣት አለባቸው። አራስ የሆነች እኅት፣ የታመመ ሰው የሚያስታምም ወንድም፣ የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ አካል ጉዳተኛ ጎረቤት፣ ሁሉም በአንድ ግቢ እያሉ ከስብሰባው ሊቀሩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ወገን ቤቱን አከራይቶ በሌላ ሰፈር፣ በክፍለ ሀገር ወይም በውጭ አገር የሚኖር ባለቤት ነው። በአረብ አገር ሠርታ የእናቷን ቤት ክፍያ የምትሸፍን ልጅ፣ በዋሽንግተን ወይም በሎንዶን የሚኖር ወንድም ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ተከራዩ ነው። ተከራዩ ባለቤት ባይሆንም ውኃው ሲጠፋ የሚጠማው እርሱ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የተነሣውን ማጉረምረም እናስታውስ። በየዕለቱ በሚደረገው አገልግሎት ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶች ችላ ተብለው ነበር። ሐዋርያት ቅሬታውን ዝም አላሰኙም፤ ሕዝቡን ጠርተው የሥራውን አሠራር ለወጡ፣ ሰባት ሰዎችም ተመረጡ። ችግሩ የፍቅር ጉድለት ብቻ ሳይሆን የአሠራር ጉድለትም ነበርና መፍትሔው አሠራርን ነካ። የእኛም ስብሰባ እንዲሁ ነው። በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ በስክሪን ያለውን ሰው የሚያስታውስ ሥርዓት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ደንቡን ተመልከቱ

በኢትዮጵያ ስለ ጋራ ሕንፃ ባለቤትነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች በማኅበር ሆነው የጋራ መገልገያቸውን እንዲያስተዳድሩ መሠረት ጥሏል። እያንዳንዱ ማኅበር ደግሞ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ስለዚህ ሊንክ ከመላካችሁ በፊት ደንባችሁን አውጥታችሁ የሚከተሉትን አረጋግጡ።

1. ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው በስንት ሰው ነው? በቪዲዮ ያለ ሰው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ደንቡ ዝም ካለ በአካል በተጠራ ጉባኤ ላይ ተወያይታችሁ ወስኑና በቃለ ጉባኤ አስፍሩ።

2. ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? ባለቤት ብቻ ነው ወይስ ተከራይም? ባልና ሚስት በአንድ ቤት ስንት ድምፅ አላቸው?

3. ውክልና ምን ዓይነት ነው? በስልክ “እኔን ወክሎ ይናገርልኝ” ማለትና በሰነዶች ማረጋገጫ ወይም በውጭ አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲና ቆንስላ የተረጋገጠ የውክልና ሥልጣን መስጠት አንድ አይደሉም። ለውይይት የመጀመሪያው ሊበቃ ይችላል፤ ስለ ንብረትና ስለ ፊርማ ግን ደንቡና ሕጉ የሚጠይቁትን ጠይቁ።

4. የተገኙ ሰዎች ፊርማ እንዴት ይያዛል? በስክሪን ያለ ሰው ወረቀት ላይ መፈረም አይችልም። ጸሐፊው ስሙን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ጽፎ “በቪዲዮ የተገኘ” ብሎ ይመዝግብ። ማኅበሩን የመዘገበው ጽሕፈት ቤት ይህን ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በኋላ ውሳኔው ውድቅ ቢሆን የሚጎዳው ሁሉም ነው።

ቀንና ሰዓት

የቀን ምርጫ ራሱ ጎረቤትን ማክበር ነው። እሑድ ጠዋት እኛም የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም ለአምልኮ እንወጣለን። ዓርብ እኩለ ቀን የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የጸሎት ሰዓት ነው። ታላላቅ በዓላትንም ተመልከቱ።

ውጭ አገር ያሉ ካሉ የሰዓት ልዩነቱን አስሉ። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት (በውጭ አቆጣጠር 4፡00 ከሰዓት በኋላ) ብትጠሩ፣ በሪያድና በኩዌት ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ በዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። በኢየሩሳሌም በበጋቸው ከእኛ ጋር እኩል፣ በክረምታቸው ግን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በዋሽንግተን በበጋቸው ጠዋት 9፡00፣ በክረምታቸው ጠዋት 8፡00 ይሆናል። በሎስ አንጀለስ ግን ከዚያ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነውና ገና ጎሕ ነው። በማስታወቂያው ላይ “10 ሰዓት” ብቻ ብሎ መተው ብዙ ሰው ያሳስታል። በኢትዮጵያና በውጭ አቆጣጠር ሁለቱንም ጻፉ።

አጀንዳውና የሒሳብ ሪፖርቱ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይላክ። በአዳራሽ ያለው ወረቀት ይዞ በስክሪን ያለው በጆሮ ብቻ የሚከታተል ከሆነ ሁለቱ እኩል አይመክሩም።

መሣሪያውና መስመሩ

ውድ ዕቃ መግዛት ግድ አይደለም። አንድ ላፕቶፕ ወይም ጥሩ ስልክ፣ አንድ ቴሌቪዥንና ማገናኛ ገመዱ፣ አንድ ማይክና አንድ ስፒከር ይበቃሉ። የሚከተሉትን ግን አስተውሉ።

ከሥዕል ይልቅ ድምፅ ይቀድማል። ፊት ባይታይ ስብሰባው ይቀጥላል፤ ድምፅ ካልተሰማ ግን ስብሰባ የለም። ማይኩ ከተናጋሪው እጅግ ከራቀ የሚሰማው የአዳራሹ ጫጫታ ነው። ስለዚህ ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፤ ማንም ያለ ማይክ አይናገር። ድምፁ ጎላ ያለ ሰው “እኔ ማይክ አያስፈልገኝም” ቢልም በትሕትና ስጡት። ማይኩ የሚያስፈልገው ለአዳራሹ ሳይሆን አራተኛ ፎቅ ላይ ላሉት እናትና ባሕር ማዶ ላለችው ልጅ ነው።

የሚያስተጋባ ድምፅ የሚመጣው በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ስልኮች ማይካቸውንና ድምፃቸውን ከፍተው በአንድ ስብሰባ ሲገቡ ነው፤ የአንዱ ስፒከር ያወጣውን የሌላው ማይክ መልሶ ይወስደዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በአዳራሹ ውስጥ የሚከፈተው አንድ ማይክና አንድ ስፒከር ብቻ ይሁን፤ ሌሎች ስልኮች ከስብሰባው ይውጡ ወይም ድምፃቸው ፈጽሞ ይዘጋ።

ካሜራው የሰዉን ፊት እንጂ ጀርባውን አያሳይ። ቴሌቪዥኑም ሰብሳቢው በሚያየው ቦታ ይቁም። ሰብሳቢው የማያየውን ሰው ይረሳዋል።

የዙም ነፃ አገልግሎት ስብሰባን በ40 ደቂቃ ይገድባል፤ የጉግል ሚት ነፃ አገልግሎት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሆን 60 ደቂቃ ይሰጣል፤ ሁለቱም እስከ 100 ሰው ይቀበላሉ። ቴሌግራም ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቡድን ውስጥ በቪዲዮ መነጋገርን ፈቅዷል፤ ብዙ ሕንፃዎችም የነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድን ስላላቸው ለለመዱት ይቀላል። ጊዜ የሚገደብ አገልግሎት ከመረጣችሁ አጀንዳውን ከሁለት ከፍላችሁ በመሐል ዕረፍት አድርጉ፤ ለሁለተኛውም ክፍል ሊንኩን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

የዳታ ወጪ ለአንዳንዱ ጎረቤት ከባድ ነው። እንደ ዙም መመሪያ ለድምፅ ብቻ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ያስፈልጋል፤ ይህም በሰዓት ወደ 27 እስከ 36 ሜጋባይት ይሆናል። በቪዲዮ ሲሆን ግን ፍጆታው በብዙ እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ “ቪዲዮህን ክፈት” ብላችሁ ማንንም አታስገድዱ። ስሙን ካስመዘገበና ድምፁ ከታወቀ በድምፅ ብቻ መሳተፍ ይችላል።

መብራት ቢጠፋስ? ላፕቶፑ ቻርጅ የተደረገ ይሁን፤ ዋይፋይ ቢቆም በስልክ ዳታ የሚያገናኝ ሰው ይኑር፤ ሁሉም ቢጠፋ በተራ የስልክ ጥሪ፣ ድምፁ ጮክ ተደርጎ፣ የሚደወልላቸው ሰዎች ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ።

ሦስት አገልጋዮች

ይህ ዓይነቱ ስብሰባ በአንድ ሰው አይመራም። ዮቶር ሙሴን በዘጸአት 18 እንደ መከረው ሸክሙን መከፋፈል ያስፈልጋል።

ሰብሳቢው ውይይቱን ይመራል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሦስተኛው አገናኙ ነው። ሥራው በስክሪን ያሉትን መጠበቅ ብቻ ነው፦ ማን እጅ አነሣ፣ ማን መስመር ተቋረጠበት፣ ማን ጥያቄውን በጽሑፍ ላከ ብሎ ይከታተላል፤ ካስፈለገም ሰብሳቢውን ያስቆማል። ይህ ሥልጣን በግልጽ ካልተሰጠው ሰብሳቢን ለማቋረጥ ያፍራል። በየአጥቢያው የድምፅ መሣሪያ የሚያገለግሉ ወጣቶች አሉን፤ ለሕንፃቸው ጎረቤቶችም በዚሁ ቢያገለግሉ እንዴት መልካም ነው! ከስብሰባው አንድ ቀን ቀደም ብሎ አንዱ ወጣት ከላይ ቤት ሆኖ፣ ሌላው ከአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ሆኖ ድምፁን ይሞክሩት። ስልክ መጠቀም ለሚከብዳቸው አረጋዊም አንድ ልጅ ወደ ቤታቸው ወጥቶ አብሯቸው ይቀመጥ።

ውይይቱ ሲመራ

በመጀመሪያ የተገኙት ሁሉ ይተዋወቁ፤ በስክሪን ያሉትም በስምና በቤት ቁጥር ይጠሩ። ቀጥሎ የመናገር ተራው ከአዳራሽና ከስክሪን እየተፈራረቀ ይሰጥ። በእያንዳንዱ አጀንዳ ላይ በመጀመሪያ ስክሪኑን መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ በመጨረሻ “እናንተስ የምትሉት አለ?” ቢባሉ ጉዳዩ አልቆ ሰዉ ሊነሣ ሲል ይሆናልና። መስመር ዘግይቶ ስለሚያደርስም ሰብሳቢው ጠይቆ ጥቂት ሴኮንድ ይታገሥ። ሳይሰሙ መመለስ ስንፍናና ነውር እንደሆነ ምሳሌ 18፥13 ያስተምረናል።

በጎን የሚደረግ ሹክሹክታ ይቅር። አዳራሹ ሲስቅ በስክሪን ያለው ምክንያቱን ካላወቀ በእርሱ የተሳቀ ይመስለዋል። የተነገረውን ሰብሳቢው ደግሞ ያሰማው።

በተቃራኒው ደግሞ ገንዘብ የሚልክ ሁሉ በስክሪን ሆኖ አዳራሹን ማዘዝ የለበትም። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ባለ ወርቅ ቀለበቱን በክብር አስቀምጦ ድሀውን ማቆም አድልዎ መሆኑን ያስጠነቅቃል። በዶላር የሚከፍለውም በብር የሚከፍለውም ጎረቤት ነው። በየቀኑ የውኃ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣው ሰው የሚያውቀውን ሩቅ ያለው ላያውቀው ይችላል፤ ትዕግሥት ከሁለቱም ወገን ይጠበቃል።

ድምፅ መስጠትና መስመር ሲቋረጥ

ሰብሳቢው ከድምፁ በፊት የውሳኔውን ሐሳብ ቃል በቃል ያንብብ፤ በስክሪንም በጽሑፍ ይላክ። ከዚያ በአዳራሽ ያለው እጅ ይቆጠር፤ በስክሪን ያሉት አንድ በአንድ በስማቸው ተጠርተው “እደግፋለሁ፣ እቃወማለሁ፣ ድምፀ ተአቅቦ” ይበሉ። የሁለቱ ድምር በአንድነት ይነገር። የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ለሐሳብ መሰብሰቢያ ጥሩ ነው፤ ግን በቡድኑ ውስጥ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ስለሚኖር ለውሳኔ ብቻውን አያስተማምንም። የኮሚቴ ምርጫ በምስጢር ከሆነ፣ ጉባኤው የተስማማባቸው ሁለት ታዛቢዎች በስክሪን ያሉትን ድምፅ በግል መልእክት ይቀበሉ፤ ምስጢሩንም ይጠብቁ።

መስመር ሲቋረጥ የሚሠራበት ደንብ ከመጀመሪያው ይነበብ። ለምሳሌ፦ አገናኙ ሲያስታውቅ ስብሰባው አምስት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ካልተመለሰ በስልክ ይደወላል፤ ያም ካልሆነ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ምርጫና በቀረው ሰው ቤት ላይ በቀጥታ ስለሚወሰን ጉዳይ ውሳኔ አይሰጥም፤ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። መስመሩ የተቋረጠበት ሰው እንደ ተስማማ አይቆጠር። በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ ልጆች ስለ ርስታቸው ቀርበው ሲናገሩ ሙሴ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም የተናገሩት ትክክል መሆኑን መሰከረ። ያልተሰማ ሰው ርስት ሲከፋፈል ዝም ብሎ ማለፍ በእግዚአብሔር ፊት ቀላል ነገር አይደለም።

የሰውን ክብር መጠበቅ

በአንዳንድ ስብሰባዎች ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ስም ይነበባል። በግቢው ውስጥ ሲነበብ የሚያሳፍረው ነገር በስክሪን ሲነበብ ባሕር ይሻገራል። ጎረቤቱ ሥራ አጥቶ ይሆናል፤ ታሞ ይሆናል። ጌታ በማቴዎስ 18፥15 ላይ ወንድሙ የበደለው ሰው በመጀመሪያ ለብቻው ሄዶ እንዲነግረው አስተምሯል። ኮሚቴውም በመጀመሪያ በሩን ያንኳኳ፤ በስብሰባው ላይ ጠቅላላው ዕዳ እንጂ ስም አይነበብ። ስብሰባው የሚቀዳ ከሆነም ሁሉም ይወቅና ይስማማ፤ ቃለ ጉባኤው ከጸደቀ በኋላ ቅጂው ምን እንደሚደረግ ይወሰን። ሊንኩም ከነዋሪው ውጭ አይሰራጭ።

የአማኙ ድርሻ

የነዋሪዎች ስብሰባ የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮች ጉባኤ ነው እንጂ የእኛ የጸሎት ፕሮግራም አይደለም። አማኝ ሰብሳቢ ከመምጣቱ በፊት በቤቱ ይጸልይ፤ በአዳራሹ ግን ምስክርነቱ ቅን ሒሳብ፣ እኩል ጆሮና የለዘበ አንደበት ይሁን። በኤርምያስ 29፥7 በምርኮ ያሉት ሕዝብ የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲሹ ታዘዋል። ሕንፃችንም የተላክንበት ሰፈር ነው።

ከዚህ ጋር ልንረሳው የማይገባ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ብዙዎቻችን በስክሪን መገናኘትን ተማርን። ይህ ስጦታ ነው፤ ግን ፊት ለፊት መገናኘትን አይተካም። ሐዋርያው ዮሐንስ በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ብዙ የሚጽፈው እያለው በወረቀትና በቀለም ሊጨርሰው አልወደደም፤ መጥቶ አፍ ለአፍ መነጋገርን ተስፋ አደረገ። እንግዲህ መውረድ የሚችል ይውረድ። መውረድ ለማይችሉት ደግሞ ስብሰባው ሲያልቅ ስክሪኑን ወዲያው አትዝጉ፤ ቡናው ሲፈላ ጥቂት ደቂቃ ይጨዋወቱ። በማግሥቱም ከኮሚቴው አንዱ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ “እማማ፣ ትናንት በደንብ ተሰማዎት ወይ?” ብሎ ይጠይቅ።

በነህምያ ምዕራፍ 4 ቅጥሩን የሚሠሩት ሰዎች ሥራው ሰፊ ስለ ነበረ እርስ በርሳቸው ተራርቀው ነበር። ነህምያ ግን የቀንደ መለከት ድምፅ በሰሙበት ስፍራ ሁሉ እንዲሰበሰቡ ነገራቸው። ተራርቀው ሳሉ አንድ ያደረጋቸው ድምፁ ለሁሉም መድረሱ ነበር። የእኛም ሥራ ይህ ነው፤ ድምፁ ለሁሉም ይድረስ፤ የሁሉም ድምፅ ይሰማ።

የሰላም አምላክ ቤታችሁንና ጎረቤቶቻችሁን ይባርክ።